የ«ደህና» የመጨረሻዋ ፊደል

እትዬ ታደለች ለልጃቸው ለማቲዎስ በየቀኑ የሚጽፉለት አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «ደህና»። ሌላ ምን ይጻፉለት? ከእንጦጦ ማርያም ዝቅ ብሎ፣ ዳገቱ ላይ፣ ባሕር ዛፍ በከበበው ግቢ ውስጥ ብቻውን የሚውል ሰው ምን አዲስ ነገር አለው? ጉሙ ወረደ፣ ጉሙ ተነሣ፣ የጎረቤት ውሻ ጮኸ፣ ዝም አለ። ሲግናል ሰፈር፣ ቢሮ ውስጥ ሥራ ወጥሮ ለያዘው ልጅ ይኼ ይጻፋል እንዴ!

ደግሞ መጻፉም ቀላል አይደለም። ዕድሜያቸውን መሥሪያ ቤት ውስጥ በጽሕፈት መኪና ሲጽፉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ጣታቸው ፊደሉን ከዓይናቸው ቀድሞ ያገኘው ነበር። ስትሮኩ መጣና ይኼን ሁሉ ይዞት ሄደ። ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተኝቶ ቀረ፤ ቀኙ ቢተርፍም ይንቀጠቀጣል፣ አንዱን ቁልፍ ሲሉት ጎረቤቱን ይመታል። የሞባይሉማ ፊደል ጤፍ ነው፣ አይነሣ። ምላሳቸውም ስለተሳሰረ በስልክ ማውራት ጠልተዋል። ማቲዎስ ከወዲያ «እ? ምን አልሽ እማዬ?» ባለ ቁጥር ይሸማቀቃሉ፤ ሳይሰማ የሰማ መስሎ «እሺ፣ እሺ» ሲላቸው ደግሞ ያውቁበታል።

ማቲዎስ የኮምፒውተር ሰው ነውና መላ አመጣ። አሮጌ ኮምፒውተሩን ሳሎን አስቀመጠላቸውና አንድ ፕሮግራም ጫነበት። የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ተጭነው ፊደል ሲስሉ፣ የተንቀጠቀጠም የተንጋደደም ቢሆን፣ ፕሮግራሙ ለይቶ ስክሪኑ ላይ ይጽፈዋል። ወደ ቀኝ አንድ መስመር ሲያሰምሩ መልእክቱ ወደ ማቲዎስ ስልክ ይሄዳል፤ ወደ ግራ ሲያሰምሩ የጻፉት ይጠፋል። በቃ፣ ይኼው ነው። እትዬ ታደለች የመጀመሪያዋ ፊደል ስትወጣላቸው አለቀሱ። ማቲዎስም አለቀሰ፣ ኋላ ግን «አቧራ ገብቶብኝ ነው» አለ።

ያ ደጉ ጊዜ ነበር። ያኔ ማቲዎስ ይመላለስ ነበር፤ የሰነፈውን እጃቸውን ያሻል፣ ጥፍራቸውን ይቆርጣል፣ የቢሮ ወሬ ያወራላቸዋል። ኋላ ካሜራዎቹን አመጣ። አንዱን በሩ ላይ፣ አንዱን በረንዳው ላይ፣ አንዱን ማድ ቤት፣ አንዱን ሳሎን፣ ልክ ከኮምፒውተሩ በላይ ሰቀለ። ሁሉም የሚቀዱት እዚያው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ማቲዎስ ደግሞ ሲግናል ተቀምጦ በስልኩ ያያል። «አሁን አንድ ነገር ብትሆኚ ወዲያው አያለሁ» አላቸው፣ ደስ ብሎት። እሳቸውም ደስ አላቸው። ካሜራው ሲመጣ ልጁ እንደሚቀር ማን ነገራቸው? ቶሎ ቶሎ የነበረው በሳምንት ሆነ፤ በሳምንት የነበረው ደግሞ «በዚህ እሁድ እንኳ አይመቸኝም፣ ጵርስቅላም ቸርች ፕሮግራም አላት» ሆነ። ጵርስቅላ ሚስቱ ናት፣ ክፉ ሰው አይደለችም። ቅር እንዳላቸው ሲያይ «እያየሁሽ ነው እኮ እማዬ!» ይላቸዋል። አዎ፣ እሱ ያያቸዋል። እሳቸው ግን አያዩትም። ይኼ እንዴት አልገባውም?

ታዲያ «ና» ብለው አይጠሩትም ወይ? አይጠሩም! የእትዬ ታደለች ነገር እንዲህ ነው። አባቱ ከሞተ በኋላ ብቻቸውን ሲያሳድጉት የማንንም ደጅ አልጠኑም፤ በስተርጅና የልጃቸውን ደጅ ሊጠኑ ነው? ደግሞስ ምን ሆንኩ ብለው ይጥሩት? ናፈቅከኝ ተብሎ ሰው ከሥራው ይጠራል? እንዲህ ይሉና ከቀትር በፊት ዓለም ስትሄድ ማውሱን ይዘው «ደህና» ይላሉ። ዓለም ጠዋት መጥታ ምግብ ሠርታ፣ ቤት አጽድታ የምትሄድ የሰፈራቸው ሴት ናት። ወሬዋ አያልቅም። እሷ በሩን ከዘጋች በኋላ ግን ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ብቻ ነው።

አንድ ማክሰኞ እንደልማዳቸው ማውሱን ያዙ። «ደ»ን ሳሉ፣ ስክሪኑ ዝም። «ህ»ን ሳሉ፣ ዝም። ምን ሆነ ይኼ ደግሞ? «ና»ን ሲስሉ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ወደ ቀኝ አሰመሩ፣ ተላከ። መነጽራቸውን አላደረጉም፤ የዘወትር ቃላቸው ስለሆነች ማንበብም አላስፈለጋቸውም። ወንበራቸው ላይ ደገፍ እንዳሉ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው።

የነቁት የግቢው በር ብርግድ ሲል ነው። ማቲዎስ! ኮት የለ፣ ሸሚዙ ላብ በላብ፣ የቢሮው ባጅ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ። መኪናው ዳገቱ ላይ እንቢ ብላው መንገድ ዳር ጥሏት፣ በእግሩ እየሮጠ ነው የመጣው።

«እማዬ! ምን ሆንሽ? ምንሽን ነው?» አላቸው፣ ትከሻቸውን፣ ግንባራቸውን እየነካ።

እትዬ ታደለች ግራ ገባቸው። እጃቸውን አንሥተው ምንም እንዳልሆኑ አሳዩት።

«ታዲያ ‹ና› አልሽኝ እኮ! በካሜራው ሳይሽ ደግሞ ወንበሩ ላይ ተዝለፍልፈሻል!» ብሎ ስልኩን አቀረበላቸው። እውነትም አንዲት ፊደል ብቻዋን ቆማለች፤ «ና»።

እንዴ! «ደ» እና «ህ» የት ገቡ? ሊነግሩት አፋቸውን ከፈቱ፤ ምላሳቸው ግን አልታዘዝ አላቸው። እሱ ቀድሞ ገባው፣ ወይም የገባው መሰለው። ፊታቸውን ትኩር ብሎ አየና እግራቸው ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ናፍቄሽ ነው፣ አይደል?»

ምን ይበሉ እንግዲህ? አይደለም ቢሉ ውሸት ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ማቲዎስ ቢሮ ደውሎ «እናቴን አሟት ነው» አለና ዋለ። ዓለም የሠራችውን ጎመን አሙቆ አብረው በሉ፤ እሱ ልጅ ሳለ እንደሚያደርገው ቃሪያውን ለቅሞ ወደ እሳቸው በኩል ገፋው። እሳቸውም ሳቁ። ስትሮኩ ከመታቸው ወዲህ እንዲያ ስቀው አያውቁም። ሲሄድ ግንባራቸውን ስሞ «በቃ እንደዚህ በዪኝ። ና ካልሽኝ እመጣለሁ» አላቸው።

በማግሥቱ መነጽራቸውን አድርገው ፊደላቱን ደጋግመው ሲስሉ ነገሩ ተገለጠላቸው። ማውሱ ሳይነካ ሲቆይ ፕሮግራሙ ይተኛል፤ ካሜራዎቹ ሥራ በዝቶባቸው ማራገቢያው ሲጮህ ደግሞ እንቅልፉ ይብስበታል። እስኪነቃ ድረስ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ይውጣቸዋል። «ደ» ሄደ፣ «ህ» ሄደ፣ የምትተርፈው «ና» ናት። እትዬ ታደለች ስክሪኑን ፈዘው አዩት። ለራሳቸው ሊያወጡት ያልቻሉትን ቃል ይኼ ግዑዝ ነገር አወጣላቸው።

ከዚያስ? ከዚያማ እትዬ ታደለች ተንኮል ጀመሩ! ጠዋት ማውሱን ማንም እንዳይነካው ከለከሉ። ካሜራዎቹ ደግሞ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ነውና የሚቀዱት፣ ዓለምን ጠርተው ጣታቸውን ወደ ልብስ ማስጫው ገመድ ቀሰሩ።

«አንሶላውን? ትናንት ያጠብኩትን አንሶላ እኮ ነው እትዬ!» አለች ዓለም። «ገና አልተኙበትም!»

እሳቸው ጣታቸውን አላጠፉም። ዓለም እያጉረመረመች አሰጣችው። ያ የእንጦጦ ነፋስ አንሶላውን ሲያርገበግበው ካሜራው ይቀዳል፣ ኮምፒውተሩ ያቃስታል፣ እትዬ ታደለች ወንበራቸው ላይ ሆነው ጊዜውን ይጠብቃሉ። ልብ በሉ፣ አልዋሹም። አንድም ቀን «ና» ብለው አልጻፉም። «ደ»ንም «ህ»ንም አሳምረው ነው የሚስሉት፤ ከተዋጠ የዋጠው ይጠየቅ! እግዜርም ቢመረምራቸው «እኔ ደህና ነው ያልኩት» ይላሉ።

ብዙውን ጊዜ አልሆነላቸውም። ሙሉው ቃል ይወጣና ቅር እያላቸው ይልኩታል፤ ከማቲዎስ የተቀሰረ አውራ ጣት ይመጣላቸዋል። አንዳንዴ ደግሞ «ህና» ብቻ ይወጣል፤ እሱ በሳቅ የሚያነባ ፊት ይልክላቸዋል። አንድ ዝናባማ ቀን ግን ያቺው «ና» ሄደችና ማቲዎስ መጣ። የዚያን ዕለት አልሮጠም፤ ሙዝ ገዝቶ፣ ረጋ ብሎ ነው የመጣው። ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ ወዲያው ተኛ። እትዬ ታደለች ወንበራቸውን በአንድ እጃቸው እየጎተቱ አጠገቡ ቀረቡና ሲተኛ አዩት። ሽበት ጀምሮታል፤ ይኼን አያውቁም ነበር። አፉ ከፈት ብሏል፣ ያኔ በጀርባቸው አዝለው እንጦጦ ማርያም ሲወጡ እንደሚከፍተው። ብርድ ልብስ አለበሱት። ሲነቃ «ምነው ዝም አልሽኝ፣ መሸ እኮ!» ብሎ እየተጣደፈ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ፊቱ ሌላ ሆኖ ነው። በሩን እንደገባ ቆመና አያቸው። ደህና ናቸው። ቁና ቁና እየተነፈሰ ወንበር ሳበ።

«እማዬ፣ አለቆቼ ፊት ቆሜ ነበር። ፕሮጀክቱን እያቀረብኩ። ይቅርታ ብዬ ጥዬ ወጣሁ።»

አልተቆጣቸውም። ቢቆጣቸው ይሻል ነበር። እሳቸው መሬት መሬት አዩ። ማቲዎስ ግንባሩን ጠርጎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ፤ እጁ ሥራ ይፈልጋል፣ እንዲያው ልማዱ ነው። ማውሱን ይዞ ፊደል ሳለ፣ ሳለ፣ ሳለ። ከሦስቱ የወጣችው አንዷ ናት። ቀስ ብሎ ወደ እሳቸው ዞረ።

«እማዬ... አንቺ ‹ደህና› ነበር እንዴ የምትዪኝ?»

አሁን መናገር ነበረባቸው። አዎ፣ ደህና ነበር ያልኩት፣ ግን ‹ና› ነበር ልቤ ውስጥ ያለው፣ ሊሉት ነበር። ይኼን ሁሉ ያቺ የታሰረች ምላስ እንዴት ትወጣዋለች? ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ ብቻ።

ማቲዎስ ሳቁ አመለጠው። እፎይታ ነበር ሳቁ፣ ማን ይፈርድበታል። «ወይ ጉድ! እኔ ደግሞ ልቤ በአፌ ሊወጣ እየደረሰ ያን ዳገት ስሮጠው! ቆይ፣ ቆይ፣ ችግሩ ገባኝ። ፕሮግራሙ ሥራ ሲያጣ ሌሎቹ ሜሞሪውን ይቀሙታል፣ ይተኛል። ካሜራዎቹ ደግሞ የኮምፒውተሩን ጉልበት፣ ሲፒዩውን፣ ጨርሰውታል። አንቺ መጻፍ ስትጀምሪ እሱ ገና ዓይኑን እያሸ ነው።» ቁልፉን ጠቅ ጠቅ ያደርግ ጀመር። «ፕራዮሪቲውን ሃይ አደርገዋለሁ፣ ማንም አይቀድመውም። እንዳይተኛም አደርገዋለሁ። ካሜራዎቹን ዝቅ አደርጋቸዋለሁ፤ ምስሉ ትንሽ ቢቆራረጥ ምን ይጎዳል?»

እትዬ ታደለች ደነገጡ። «ተወው» ሊሉት ነው። «ተ...» አሉ፣ «ተ... ተ...»

«ተስተካከለ!» ብሎ ጨረሰላቸው ማቲዎስ። «አዎ እማዬ፣ ተስተካከለ! እዪው!» ፊደላቱን ሳለ። «ደህና» አለ ስክሪኑ፣ ወዲያው፣ ሙሉውን። ደግሞ ሳለ። «ደህና»። «እንደ ጥይት ነው አሁን። ከዚህ በኋላ ችግር ካለም ቢሮዬ ሆኜ በሪሞት ገብቼ አስተካክልልሻለሁ። በሥራ መሀል አልደነግጥም፣ አንቺም አትጉላዪም።» ግንባራቸውን ስሞ ሄደ። ምሳ እንኳ አልበላም።

እነሆ ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ታዛዥ ሆነ። ዓለም አንሶላ ብታሰጣ፣ ብርድ ልብስ ብታሰጣ፣ ነፋሱ ግቢውን ቢያተራምሰው፣ ፊደሉ ከእጃቸው ሳይለይ ይወጣል። «ደህና»። አውራ ጣት። በማግሥቱም «ደህና»። አውራ ጣት። እሁድ መጥቶ ሄደ፣ ሌላውም እሁድ መጥቶ ሄደ። ዓለም ግራ ገብቷት «እትዬ፣ ዛሬ አንሶላ አናሰጣም?» ብትላቸው እጃቸውን አወናጨፉ። ዓለም ስትሄድ ቤቱ ይሰፋባቸዋል። ሰው ብቻውን ሲሆን ቤቱ ይሰፋል ቢባል ድሮ አያምኑም ነበር።

የማርያም ዕለት ነው። ነጠላ የለበሰ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከአጥሩ ውጭ ሳቁና ሰላምታው ይሰማቸዋል። ማቲዎስ ድሮ በዚህ ቀን ክንዳቸውን ይዞ ያወጣቸው ነበር፤ ስትሮኩ ከመታቸው በኋላ እንኳ አንድ ጊዜ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ድረስ በመኪና ወስዷቸዋል። ሰዉ አልፎ አለቀና መንገዱ ጭር አለ። እትዬ ታደለችን ሆድ ባሳቸው። ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ማውሱን ያዙ። ማሽኑ ከእንግዲህ አይውጥላቸውም። ስለዚህ ኩራታቸውን እሳቸው ዋጡት።

አንዲት ፊደል ብቻ ሳሉ። «ና»።

ብዙ አሰቡ፣ ትንሽ ጸለዩ፣ ወደ ቀኝ አሰመሩ። ተላከ። ካደገ ወዲህ እንዲህ ብለው ጠርተውት አያውቁም። ጸጉራቸውን በመዳፋቸው አስተካከሉ፣ በሩን አዩት።

መልስ መጣ። «ወይኔ! እንደገና ቆረጠው እንዴ? ቆይ እማዬ፣ በሪሞት ልግባ።»

ወዲያው የማውሱ ቀስት ያለ እጃቸው ተንቀሳቀሰ። ስክሪኑ ላይ ወዲህ ወዲያ አለ፣ አንዱን መስኮት ከፈተ፣ ሌላውን ዘጋ። እትዬ ታደለች እጃቸውን ከማውሱ ላይ አነሡ። ልጃቸው ነው፣ እዚያ ውስጥ ነው፣ ይሠራላቸዋል፤ ደግሞ የለም። ቀስቱ ፊደል በፊደል «ደህና» ብሎ ጻፈ፣ አጠፋው፣ እንደገና ጻፈው። ሙሉ ነው። «ይኸው እማዬ፣ ምንም አልሆነም፣ ይሠራል» የሚል መልእክት ተከተለ።

ያን ጊዜ ቀና ብለው ካሜራውን አዩ። እያየሁሽ ነው ይል የለ? ይይ እንግዲህ! ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ፣ መዳፋቸውን ወደ ታች አደረጉ፣ ጣቶቻቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ። ዘረጉ፣ ሰበሰቡ። ልጅ ሳለ ከሜዳ ሲጠሩት እንደሚያደርጉት። ና። ና፣ ልጄ። ደከማቸው እንጂ አላቆሙም።

ከስልኩ የላከው መልስ ስክሪኑ ላይ ወጣ። «አየሁሽ እማዬ! ቻው፣ ቻው! እሁድ ከቻልኩ እመጣለሁ።»

ምስሉ ይቆራረጣል ብሏቸው ነበር። ያየው የተነሣውን እጅ ነው፤ የሚጠሩትን ጣቶች አላየም። እትዬ ታደለች እጃቸውን ዝቅ አድርገው ጭናቸው ላይ፣ ከሰነፈው እጃቸው ጎን አስቀመጡት። እንባቸው መጣ፤ ካሜራው እንዳያያቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

አንድ መልእክት ጨመረ። «ደህና ነሽ አይደል?»

ማውሱን ያዙ። «ደ»ን ሳሉ። «ህ»ን ሳሉ። «ና»ን ሳሉ። ወደ ቀኝ አሰመሩ። ማሽኑ አንዲትም ፊደል አልዋጠም።